ከጎናችን ያለው መደብ

በማዕከላዊ ገበያ፣ ከሐሙዲ መስጊድ ብዙም ሳይርቅ፣ ሁለት እናቶች ጎን ለጎን አትክልት ይሸጡ ነበር። ሁለቱም የሚያቀርቡት ከኢትዮጵያ የመጣ ቲማቲም፣ ድንችና ሽንኩርት ነው። አንዳቸው ለጉዳይ ሲነሡ ሌላዋ ሁለቱንም መደብ ይጠብቃሉ፤ እቁብም አብረው ይጥላሉ። ልጆቻቸው እኛ ዘንድ አንድ ክፍል ይማራሉ። በወላጆች ቀን የአንደኛዋ ልጅ ስም በድምፅ ማጉያ ተጠርቶ ሽልማት ተቀበለ፤ የሌላዋ ልጅ ስም አልተጠራም። ከሳምንት በኋላ ሽንኩርት ልንገዛ ብንሄድ፣ ስሙ ያልተጠራው ልጅ እናት መደባቸውን ወደ ሌላ መስመር አዛውረው አገኘናቸው። ለምን እንደሆነ ስንጠይቃቸው፣ «መምህር፣ እዚህ ጥላው ይሻላል» አሉን። ጥላ አልነበረም።

(እነማን እንደሆኑ ለመገመት የሚሞክር አንባቢ እንዳይደክም፣ እንዳይታወቁ ጥቂት ነገር ለውጠናል።)

ይህን የምንጽፈው እናቶቹን ለመውቀስ አይደለም። ድምፅ ማጉያውን የያዝነው እኛ ነን።

አማርኛችን ቅናትንና ምቀኝነትን ለይቶ ያውቃል። በጓደኛው ጉብዝና ቀንቶ እስከ እኩለ ሌሊት የሚያጠና ልጅ ቢኖረን ደስ ይለናል። ምቀኝነት ሌላ ነው፤ የራስ እንዲመጣ ሳይሆን የሌላው እንዲጠፋ መመኘት ነው። ንጉሥ «የጠየቅኸኝን እሰጥሃለሁ፤ ለጎረቤትህ ግን እጥፉን» ቢለው «አንድ ዓይኔን አጥፋልኝ» ያለውን ሰው ተረት ያልሰማ ልጅ በትምህርት ቤታችን ያለ አይመስለንም። ሙስሊም ወላጆቻችን ይህን በሽታ ሐሰድ ይሉታል፤ ወንድሙን የገደለውን የአዳምን ልጅ ታሪክም እንደ እኛው ያውቁታል።

ክርስትና ምቀኝነትን ኃጢአት ብሎ ብቻ አላለፈውም፤ ባለቤቱን የሚጎዳ ሕመም አድርጎም ገልጾታል። መጽሐፈ ምሳሌ አጥንትን ከሚያነቅዝ ነገር ጋር ያመሳስለዋል። በአራተኛው መቶ ዓመት የኖረው የቂሳርያው ቅዱስ ባስልዮስ ስለ ቅናት በሰበከው ስብከት፣ ዝገት ብረትን እንደሚበላ ይህም ያደረበትን ነፍስ እንደሚበላ አስተምሯል። እኛ መምህራን ይህን ለማመን ሩቅ መሄድ አያሻንም። በውጤት ሳምንት «ራሴን፣ ሆዴን» እያለ ወደ ቢሮ የሚመጣው ልጅ ሁልጊዜ የወደቀ ልጅ አይደለም። ብዙ ጊዜ ሁለተኛ የወጣው ነው።

ሁለተኛ የወጣ ልጅ ምን ጎደለው? ጌታችን የተናገረው የወይን አትክልት ሠራተኞች ምሳሌ (ማቴዎስ ምዕራፍ 20) ለዚህ ጥያቄ የተነገረ ይመስለናል፤ ነገሩ የተጀመረውም በገበያ ነው። ባለቤቱ ማለዳ ወጥቶ ሠራተኛ ቀጠረ፤ ደግሞ በሦስት፣ በስድስት፣ በዘጠኝና በአሥራ አንድ ሰዓት እየወጣ ሌሎችን ቀጠረ። ጅቡቲ ተወልደው ያደጉ ልጆቻችን አሥራ አንድ ሰዓት ሲባሉ ረፋዱ ይመስላቸዋል። በወንጌሉ ግን ሰዓቱ የሚቆጠረው እንደ አገር ቤታችን ከንጋት ጀምሮ ነው፤ ፀሐይ ልትጠልቅ አንድ ሰዓት ሲቀራት ማለት ነው። ማታ ለሁሉም አንድ አንድ ዲናር ተከፈለ፤ ክፍያውም ከኋለኞቹ ጀመረ። የማለዳዎቹ አጉረመረሙ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። የማለዳዎቹ ዲናር አልጎደለም፤ የተስማሙበትን ነው የተቀበሉት። አስቀድመው ተከፍሏቸው ቢሄዱ ኖሮ ደስ ብሏቸው እንጀራቸውን ገዝተው በገቡ ነበር። ደስታቸውን የወሰደው በሌላው እጅ ያዩት ዲናር ነው። የባለቤቱም ጥያቄ ስለ ዓይናቸው እንጂ ስለ ኪሳቸው አልነበረም።

ይህ የጥንት ሰዎች ጠባይ ብቻ አይደለም። ሶልኒክና ሄመንዌይ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት ጥናት ሰዎችን አንድ ምርጫ ጠየቁ፦ ሌሎች 25 ሺህ ዶላር በሚያገኙበት ዓለም 50 ሺህ ማግኘት ይሻላችኋል ወይስ ሌሎች 200 ሺህ በሚያገኙበት 100 ሺህ? ከተጠየቁት ግማሽ ያህሉ 50 ሺሁን መረጡ። ጎረቤት እንዳይበልጥ ሲሉ የራሳቸውን ግማሽ ጣሉ።

ልብ በሉ፣ ጎረቤት ነው ያልነው። በማዕከላዊ ገበያ ቲማቲም የምትሸጥ እናት በዶራሌ ወደብ በሚራገፈው መርከብ ባለቤት አትቀናም። የሚያቃጥላት ከጎኗ ያለው መደብ ነው። ተማሪም እንዲሁ ነው፤ በአገር አቀፍ ፈተና አንደኛ የወጣውን ልጅ በቴሌቪዥን ሲያይ ያጨበጭባል፤ አብሮት የሚቀመጠው በሁለት ነጥብ ሲበልጠው ግን ምሳው አይዋጥለትም።

ሳኦልን ተመልከቱ። ዳዊት ጎልያድን ሲገድል ሳኦል አልተከፋም፤ መንግሥቱ ድናለታለች። የተከፋው ሴቶቹ ወጥተው ለእርሱ በሺህ፣ ለዳዊት በአሥር ሺህ ቆጥረው በዘፈኑ ጊዜ ነው። ያ በአደባባይ የተነበበ ደረጃ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳኦል ዳዊትን በክፉ ዓይን ተመለከተው፤ በገና ሲደረድርለት በቆየው ብላቴና ላይም ጦር ወረወረ። የያዕቆብ ልጆችም ዮሴፍን የጠሉት በዓይናቸው ፊት በለበሰው ቀሚስ ነው፤ ቀሚሱን የሰፋለት ደግሞ አባታቸው ነው።

በምሳሌው ባለቤቱ ራሱ በሁሉም ፊት ከፍሏል የሚል መምህር አጋጥሞናል። እውነት ነው። ነገር ግን ልብን መርምሮ የሚፈውሰው እርሱ ነው፤ እኛ የትምህርት ቤት ሠራተኞች ነን።

ስለዚህ ከመጪው ዓመት ጀምሮ ደረጃ በአደባባይ እንዳይነበብ ወስነናል። ካርዱ ላይ ይጻፋል፤ ወላጅ ከክፍል ኃላፊው ጋር ተቀምጦ ያየዋል። በወላጆች ቀን የሚሸለመው ከመጀመሪያው ሴሚስተር ይልቅ በሁለተኛው ውጤቱን ያሻሻለ ተማሪ ሁሉ ይሆናል፤ አሥርም ይሁኑ አርባ።

ሁላችንም አልተስማማንም። አንዳንድ ወላጆች «ምቀኛ አታሳጣኝ» የሚለውን አባባል አንሥተው ፉክክር ከቀረ ልጆቹ ይተኛሉ ብለውናል። አባባሉን እኛም እንወደዋለን፤ ግን የሚናገረው በምቀኛ ተገፍቶ የበረታውን ሰው እንጂ ምቀኛውን አይደለም። ስለ ምቀኛው እንቅልፍ የሚነግረን የለም።

የበለጠ የከበደን የአንዲት መምህርት ቃል ነው። «የዚያች ነጋዴ ልጅ ስም ሲጠራ እናቲቱ ሲያለቅሱ አይቻለሁ። በዚህ ከተማ ስማቸው በክብር ሲነሣ የሰሙት ያን ቀን ብቻ ይሆናል። ይህንንም ልትወስዱባቸው ነው?» አሉን። ለዚህ ሙሉ መልስ የለንም። የክፍል ኃላፊዎች ጥሩ ውጤት ላመጡ ልጆች ወላጆች በአካል ሄደው እንዲነግሩ ተስማምተናል፤ እቤት ወይም መደባቸው ድረስ። ከጭብጨባው ጋር ይተካከላል አንልም።

ባለፈው ሳምንት ገበያ ወርደን ቲማቲሙን ከአንደኛዋ፣ ሽንኩርቱን ከሌላዋ ገዛን። በዚያ ሳምንት የእቁቡ ዕጣ የወጣው መደባቸውን ላዛወሩት እናት ነበር። ገንዘቡን ከአባላቱ ሰብስበው፣ ቆጥረው፣ በመሐረብ ቋጥረው ያደረሱላቸው የቀድሞ ጎረቤታቸው መሆናቸውን ከራሳቸው ሰማን። መደቡ ግን እስከ ዛሬ ድረስ እዚያው በተዛወረበት ነው።