ማርትሬዛ በወሬ ሳይሆን በሚዛን ይገዛ

የዛሬው ስለ በቆሎም ስለ በርበሬም አይደለም፤ ግን የዋጋ ነገር ነው። ሰሞኑን ከማንኩሳ፣ ከቡሬና ከፍኖተ ሰላም የሚላክልኝ ፎቶ የእህል ናሙና መሆኑ ቀርቶ የጠገራ ብር ሆኗል። «1780 ይላል፣ ስንት ያወጣል?» ነው ጥያቄው። ከሥሩ የደላላ ወሬ ይከተላል፦ ዱባይ ሚሊዮን ይሸጣል፣ ሙዚየም ይፈልገዋል፣ ቀብድ ጣልና ከገዥ ላገናኝህ።

ክረምት ሲገባና የማዳበሪያ ክፍያ ሲመጣ ከየቤቱ የአንገት ጌጥ ይወጣል። ያን ጊዜ ደግሞ ወሬው ይገለበጣል፤ ያው ሚሊዮን ያወጣል የተባለው ማርትሬዛ «ዝገት ነው» ተብሎ በርካሽ ይታፈሳል። በሁለቱም በኩል የሚጎዳው ሚዛን ያልያዘው ሰው ነው።

መጀመሪያ ይሄ 1780 የሚሉት ቁጥር። የኦስትሪያዋ ማርያ ቴሬዛ የሞተችው በአውሮፓ አቆጣጠር በኖቬምበር 1780 ነው። ከዚያ በኋላ የተመታው ሁሉ ያንኑ ዓመት ይዞ ቀጠለ። ምክንያቱ እኛው ነን፤ የቀይ ባሕርና የሐበሻ ነጋዴ ያንን መልክ ለምዶ ሌላ አልቀበልም አለ። አሞሌ ጨው እንደ ገንዘብ በሚሠራበት ዘመን ለትልቁ ግብይት፣ ለቡናውም ለዝባዱም፣ የሚታመነው እሱ ነበር። ሙሶሊኒ ሊወረን ሲዘጋጅ በ1935 ማተሚያውን ከቪየና ወደ ሮም አስወሰደው። ቀጥሎ ለንደን፣ ፓሪስ፣ ብራስልስ፣ ቦምቤይም መቱ። ቪየና ዛሬም ትመታለች። በጠቅላላው ከ300 ሚሊዮን በላይ ነው፤ እጅግ አብዛኛው 1780 ይላል። እንግዲህ አያትህ አንገት ላይ ያለው ማርትሬዛ ከአያትህ በዕድሜ ሊያንስ ይችላል።

አሁን ይሄን ከአሜሪካው ባለ 20 ዶላር ወርቅ ጋር አስተያዩት፤ ደላሎቹም «እንደ አሜሪካ ወርቅ ነው» ማለት ይወዳሉ። የ1933ቱ 445,500 ያህል ተመትቶ ነበር። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ወርቅ ከሕዝብ እጅ እንዲሰበሰብ ስላዘዙ ገበያ ሳይወጣ ቀለጠ፤ ጥቂት ፍሬ ብቻ አመለጠ። የግብፁ ንጉሥ ፋሩቅ ነበር ተብሎ የሚታመነው አንዱ በ2021 ኒውዮርክ ላይ በሐራጅ በ18.9 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። የ1924ቱ ግን መልኩ ያው፣ ክብደቱም ያው ሆኖ ብዙ ስለተረፈ ከወርቁ ዋጋ ብዙም አይርቅም። እዚያ አንድ ቁጥር ሁሉን ይለውጣል። በማርትሬዛ ላይ ቁጥሩ ምንም አይነግራችሁም። ደላላው የሚሸጠው ይሄን ልዩነት ነው።

ታዲያ ማርትሬዛ ስንት ያወጣል? ክብደቱ 28.07 ግራም ነው። ወቄት የምንለው ራሱ የአንድ ማርትሬዛ ክብደት ነበር፤ አባቶቻችን ይመዝኑበት ነበር ማለት ነው። ንጽሕናው 0.833 ስለሆነ በውስጡ 23.39 ግራም ንጹሕ ብር አለ (ማዕድኑን ማለቴ ነው)፤ ይሄም 0.752 ኦንስ ነው። የዕለቱን የዓለም ዋጋ በዚህ አባዙት። ኦንሱ 40 ዶላር ነው ብንል 30 ዶላር ገደማ ይመጣል። ከዚህ ላይ የአንጥረኛው ትርፍ ይቀነሳል። ሚሊዮን የሚባለው ከየት እንደመጣ ደላላው ያስረዳን።

እውነተኛነቱን ለማየት ደግሞ እንዲህ አድርጉ። ጠርዙን ዙሪያውን እዩ፤ «ዩስቲቲያ ኤት ክሌመንቲያ» የሚል የላቲን ጽሑፍ ከፍ ብሎ ተቀርጾበታል፣ ፍትሕና ምሕረት ማለት ነው። በሻጋታ የተቀዳ አስመሳይ እዚህ ጋ ነው የሚጋለጠው፤ ፊደሉ ይደፈናል ወይ ጭራሽ የለም። ከደረቷ ሥር «ኤስ» እና «ኤፍ» የሚሉ ሁለት የላቲን ፊደላት አሉ። ማግኔት መያዝ የለበትም። ከሁሉ የምወደው የውኃ ፈተና ነው፦ የወርቅ ቤት ሚዛን ላይ ውኃ ያለበት ብርጭቆ አስቀምጡና ዜሮ አድርጉት፤ ማርትሬዛውን በክር አንጠልጥላችሁ ታችም ጎንም ሳይነካ ውኃው ውስጥ አጥልቁት። ከ2.7 እስከ 2.8 ግራም ካሳየ ጥሩ ነው። ነሐስ ከሆነ ወደ 3.3 ይወጣል። የቀለጠ ማንጠልጠያ ካለው ቁጥሩ ትንሽ ይዛነፋል፣ ያንን አስቡ። የሮሙን ከቪየናው መለየት ግን የጌጧን ዕንቁና የንስሩን ጅራት ላባ የሚቆጥር ባለሙያ ሥራ ነው፤ እኛ ባንደክም ይሻላል።

ቆም ብላችሁ የምታዩት ሌላ አለ። ዓመቱ ከ1780 በፊት ከሆነ፣ ንግሥቲቱ በሕይወት ሳለች የተመታ ሊሆን ስለሚችል በክብደት አትሽጡት። የምኒልክ ብርም እንዲሁ፤ ክብደቱ ከማርትሬዛ ጋር እኩል ነው፣ ዓመቱ ግን በግዕዝ ቁጥር ተጽፏል። ፲፰፻፹፯ የሚል ካያችሁ በፓሪስ የተመታው የመጀመሪያው ነውና ለአንጥረኛ እንዳትሰጡት። የምኒልክ ወርቅ ደግሞ ሙሉው 7 ግራም ብቻ ነው፤ «የምኒልክ ወርቅ» ተብሎ 20 ግራም የሚመዝን ከመጣላችሁ ሻዩን ጋብዛችሁ ሸኙት። የጃንሆይ 50 ሳንቲምም ያሳስታል። 1936 ዓ.ም የሚለው ፊላደልፊያ ውስጥ በ0.800 ብር ተመትቶ፣ በኋላ በዚያው ዓመት ቁጥር 0.700 የሆነ ታክሎበታል። በብዛት የምትገዙ ከሆነ በዝቅተኛው አስሉ።

በአመድም በሎሚም አትፈትጉት፤ ሰብሳቢ የሚከፍለው ለቆዳው ነው። የንጉሥ ራስ በስንዴ ዘለላ ታቅፎ የሚታይበት ትንሽ ሳንቲም ካጋጠማችሁ ግን የአክሱም ነው፤ እሱ የንግድ ዕቃ አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም፤ ላኪዎች ከጭነት ጋር «አብራችሁ ላኩልን» የሚላችሁን ሰው አትስሙ።

ለነጋዴዎችና ለዩኒየኖች፦ በእህል ዕዳ ፋንታ ማርትሬዛ በመያዣ ከቀረበላችሁ ከላይ ባለው ስሌት ብቻ ያዙ፣ ክብደቱንም ባለቤቱ ፊት መዝናችሁ ደረሰኙ ላይ ጻፉ። ፎቶ የምትልኩልኝም ከነክብደቱ ላኩ፤ ያለ ክብደት ለሚመጣ ፎቶ ዋጋ አልናገርም። የበቆሎው ዋጋ ማታ ይለጠፋል።