ኩርፊያና የሦስት ወሩ ቀጠሮ

ባለፈው ዓመት የጎረቤቶቼን ባልና ሚስት ለማስታረቅ ከሁለት አዛውንቶች ጋር ሽምግልና ተቀምጬ ነበር። ቡናው ተፈልቷል። ሚስት የሆዷን ስትዘረግፍ ባል አቀርቅሮ የምንጣፉን ጠርዝ በእግሩ ጣት ያጥፋል፣ ይዘረጋል። አንድ ቃል አልተነፈሰም። ትልቁ አባት “አየሽ ልጄ፣ እሱ እኮ ጨዋ ነው፤ ያንቺ ምላስ ነው የረዘመው” አሏት። ይቅር ተባባሉ፣ ተሳሳሙ፣ መርቀን ወጣን። በሁለተኛው ወር ሚስት ልብሷን ሸክፋ ሄደች።

ያን ቀን ጨዋነት ያልነው ነገር የራሱ ስም አለው፦ ኩርፊያ።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጆን ጎትማን ከባልደረባቸው ከሮበርት ሌቨንሰን ጋር ለብዙ ዓመታት ባለትዳሮችን ፊት ለፊት አስቀምጠው፣ በሚያጣላቸው ጉዳይ እያነጋገሩ ቀርጸዋል፤ የልብ ምታቸውንም ለክተዋል። ትዳር የሚያፈርሱ ብለው የለዩዋቸው የአነጋገር ጠባዮች አራት ናቸው። እኛ ለአራቱም ስም አናጣላቸውም፦ ንዝንዝ፣ ንቀት፣ ሰበብ መደርደርና ኩርፊያ። ከሁሉ የከፋው ንቀት ነው፤ በእኛ ቤት አሽሙር ለብሶ የሚገባው። የሚያኮርፈው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ወንዱ ነው። ድንጋይ መስሎ ሲቀመጥ ልቡ በደቂቃ ከ100 ጊዜ በላይ ሊመታ ይችላል። ጸጥታው እርጋታ አይደለም፤ ጆሮው ተደፍኗል። በዚያ ሰዓት ምክር ቢያወርዱበት አይሰማም፤ መፍትሔው ቢያንስ ለሃያ ደቂቃ ያህል ለየት ብሎ መብረድ ነው።

የጎትማን ሥራ ነቀፌታ አላጣውም። ማን እንደሚፋታ አስቀድመን እናውቃለን ማለታቸው ተጋኗል ያሉ ተመራማሪዎች አሉ። ለሽማግሌ የሚጠቅመው ግን ትንበያው ሳይሆን ሌላ ግኝት ነው፦ ከባለትዳሮች ጠብ 69 በመቶ ያህሉ እንደማያልቅ ደርሰውበታል። የገንዘብ አያያዙ፣ የአማት ነገር፣ የልጅ አስተዳደጉ ከዓመት ዓመት ይመላለሳል። የእኛ ሽምግልና ግን “ማን አጠፋ?” ብሎ ይጀምርና “በቃ፣ ታርቃችኋል” ብሎ ይዘጋል። የማያልቀውን ነገር እንዴት እንደሚነጋገሩበት የሚያሳያቸው የለም።

ሕጉ ለዚህ በር ከፍቶልናል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ፍቺን የመወሰን ሥልጣን ለቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ሰጥቶ ነበር። በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራበት የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ሥልጣኑን ወደ ፍርድ ቤት ቢያዞረውም ሽማግሌውን ጨርሶ አላሰናበተም። ዳኛው ተጋቢዎቹን ራሳቸው ወደመረጧቸው ሽማግሌዎች ሊመራ፣ እርቅ ካልተገኘም ከሦስት ወር ያልበለጠ የማሰላሰያ ጊዜ ሊሰጥ ይችላል።

ሦስት ወር ምን ሊሠሩበት? እንደተኮራረፉ ቀጠሮ ሊጠብቁ ከሆነ ፍቺው ዘገየ እንጂ ምንም አልተሰላሰለም። ይህን ባዶ ጊዜ መሙላት ይቻላል። ለሁሉም የሚዳረስ የምክር ባለሙያ በአንድ ጀንበር አናገኝም፤ ሽማግሌ ግን በየሠፈሩ አለ። ፍርድ ቤቶች ባለሙያዎችን ጋብዘው ሽማግሌዎችን ለጥቂት ቀናት ቢያሠለጥኑ፣ ጥያቄው “ማን አጠፋ?” መሆኑ ቀርቶ “ስትነጋገሩ የት ላይ ነው የሚበላሽባችሁ?” ይሆናል።

አንድ ድንበር ግን አለ። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሕዝብና ጤና ጥናት እንዳመለከተው፣ ትዳር ከያዙ ወይም ይዘው ከሚያውቁ ሴቶች 34 በመቶው ከባላቸው አካላዊ፣ ወሲባዊ ወይም ስሜታዊ ጥቃት ደርሶባቸዋል። ዱላ ባለበት ቤት ሁለቱን ፊት ለፊት አስቀምጦ “ተነጋገሩ” ማለት ሴትየዋን ለማታ ዱላ ማሰናዳት ነው። እዚያ “ቻይው” የሚል ሽማግሌ፣ ቢሠለጥንም ባይሠለጥንም፣ ወንበሩን ይልቀቅ፤ ሴትየዋ መጀመሪያ የሚያስፈልጋት ከለላ ነው።

የጎረቤቶቼ ቤት ዱላ አልነበረበትም፤ ያልሰማነው ዝምታ ነበረበት። ያ ቀን ቢመለስ የሚስትን ምላስ ርዝመት አልለካም። ባልየውን “ውጣና ግቢውን ዞር ዞር በልበት” እለዋለሁ። ቡናው ሁለተኛ እስኪደርስ ጠብቄ፣ ሲመለስ “ከተናገረችው ውስጥ የቱ ነው የወጋህ?” ብዬ እጠይቀዋለሁ።

ተ. መ.