የወላጅ መብትና የተመራጭ ኃላፊነት፦ ከቂርቆስ የተነሣ ሙግት

የወላጅ መብት ሲባል እናትና አባት ወይም ሕጋዊ አሳዳጊ ልጃቸውን በእምነታቸውና በጎ ነው ባሉት መንገድ የማሳደግ፣ የሚማርበትን ትምህርት ቤት የመምረጥ፣ ስለ ልጁ በሚወሰነው ነገር ሁሉ አስቀድሞ የመደመጥ መብት ማለት ሲሆን፣ ይህ መብት በኢትዮጵያ ሕግ ውስጥ በቂ መሠረት አለው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 27 ወላጆች በእምነታቸው መሠረት የልጆቻቸውን የሃይማኖትና የመልካም ሥነ ምግባር ትምህርት የመምራት መብት እንዳላቸው ሲደነግግ፣ በ1992 ዓ.ም. የወጣውና በአዲስ አበባ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ደግሞ አባትና እናት በጋብቻቸው ዘመን የልጆቻቸው አሳዳሪና ሞግዚት በጋራ እንዲሆኑ ያደርጋል፤ አሳዳሪ የልጁን አካልና አስተዳደግ የሚጠብቅ፣ ሞግዚት በንብረቱና በሕግ ጉዳዮቹ የሚወክለው ነው። በሐምሌ 1982 ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ ላይ የጸደቀው የአፍሪካ የሕፃናት መብቶችና ደኅንነት ቻርተርም ወላጆች ለልጆቻቸው ትምህርት ቤት የመምረጥ መብት እንዳላቸው ያውቃል። እንግዲህ የጎደለው ሕጉ አይደለም። የጎደለው ወላጅ ይህን መብቱን የሚጠይቅበት መንገድ ነው፤ በአዲስ አበባ የቂርቆስ ክፍለ ከተማ ወላጅ ጉዳዩን የሚያደርሰው ለተሾመ ሠራተኛ እንጂ እሱ ራሱ ለመረጠው ሰው አይደለም፤ የሚያደርሰውም እንደ መራጭ ሳይሆን እንደ ምሕረት ለማኝ ነው።

በዚሁ ክፍለ ከተማ ያለው የካዛንቺስ ሰፈር ነገር ይህን ከማናቸውም ጉዳይ በላይ አጉልቶ ያሳያል። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ የትምህርት ዘመኑ በሚከፈትበት ወቅት፣ በኮሪደር ልማት ሥራ ምክንያት የካዛንቺስ ነባር መንደሮች ፈርሰው እጅግ ብዙ ቤተሰቦች ሲነሡ፣ ከእነሱም ከፊሎቹ በከተማዋ ደቡባዊ ዳር ወደሚገኘው ገላን ጉራ ተዛውረዋል። ውሳኔው በሰነድ ላይ የመሬትና የመንገድ ውሳኔ ይመስላል፤ በአንድ ቤት ውስጥ ሲታይ ግን ልጁ መሸኛውን ይዞ ከየት ወደየት እንደሚሄድ፣ ታናሹን ከመዋዕለ ሕፃናት ማን እንደሚያመጣው፣ ሥራዋ መሀል ከተማ የቀረ እናት ስንት ሰዓት ከልጆቿ ጋር እንደምትውል የሚወስን ነበር። እናት ልጅ ጠብቁልኝ ብላ የምታስቀምጥበት ጎረቤት፣ የሚሰበሰቡበት ዕድር፣ ልጁ በስሙ የሚታወቅበት ሰፈር በአንድ ጊዜ ተበተኑ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 43 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸውን እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት እንዳላቸው፣ በአንቀጽ 44 ደግሞ በመንግሥት ፕሮግራም ምክንያት የተነሡ ሰዎች ተመጣጣኝ ካሳና መቋቋሚያ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይናገራል። ስለ ካሬ ሜትርና ስለ ካሳ መጠን የተነሣው ክርክር ተገቢ ነው፤ ይሁን እንጂ የልጆች ትምህርት የመነሻ ቀኑን ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ እንዲሆን የሚያስገድድ ድምፅ ከምክር ቤት ወንበር መነሣት ነበረበት።

ወላጆች ግን በተለመደው መንገድ ሄዱ ቢባል ማጋነን አይሆንም። በዚህች አገር ባለጉዳይ ከባለሥልጣን በር ላይ ቆሞ ደጅ የመጥናት ልማድ ከዘውዱ ዘመን ችሎት ጀምሮ ዛሬ እስከ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ድረስ አልተቋረጠም። ይህ መንገድ ዋጋ የለውም ማለት አይቻልም፤ አንዲት እናት ለአንድ ልጇ የትምህርት ቤት ቦታ ወይም የጊዜ ማራዘሚያ ልታገኝበት ትችላለች። ነገር ግን የተገኘው ነገር የእሷ ብቻ ነው፤ ጎረቤቷም ተመሳሳይ ጉዳይ ይዛ እንደ አዲስ ትሰለፋለች፤ ደንቡም ባለበት ይኖራል። የወላጅ፣ የተማሪና የመምህር ኅብረት፣ በተለምዶ ወተመህ የሚባለው፣ በትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ብዙ ሊሠራ ቢችልም፣ የመንደር መነሣትን፣ የከተማ በጀትን ወይም የግል ትምህርት ቤት ክፍያ የሚገዛበትን ደንብ የሚነካ ሥልጣን የለውም።

ይህን የሚነካ ሥልጣን ያለው 138 መቀመጫ ያለው የአዲስ አበባ ከተማ ምክር ቤት ነው፤ በጀት ያጸድቃል፣ ከንቲባውን ከአባላቱ መካከል ይመርጣል፣ አስፈጻሚውንም ይቆጣጠራል። በአንቀጽ 49 መሠረት የከተማው አስተዳደር ተጠሪነቱ ለፌዴራል መንግሥት ስለሆነ፣ ከአዲስ አበባ 23 መቀመጫዎች ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሚመረጡት አባላትም ስለ ከተማዋ ልጆች ለመጠየቅ ሙሉ ምክንያት አላቸው። ለነዋሪው ቅርብ ሊሆን የሚገባው የወረዳ ምክር ቤት ነበር፤ ነገር ግን በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ከተካሄደው የአካባቢ ምርጫ በኋላ በ2010 ዓ.ም. ሊደረግ የነበረው በመራዘሙ፣ በሰኔ 2013 ዓ.ም. ድምፅ የሰጠ ወላጅ ሕያው ውክልና የሚያገኘው ከፍ ባሉት ሁለቱ ምክር ቤቶች ነው።

የመደመጥ መንገድ ሲጠፋ ምን እንደሚከተል በ2015 ዓ.ም. በኅዳርና በታኅሣሥ ታይቷል። በአንዳንድ የመዲናዋ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የኦሮሚያ ክልል ሰንደቅ ዓላማ መሰቀልና መዝሙር መዘመር ባስነሣው ውዝግብ ሁከት ተፈጥሮ ትምህርት ተስተጓጎለ። ልጁ በአፋን ኦሮሞ እንዲማር የሚፈልግ ወላጅና አሠራሩን የተቃወመ ወላጅ እኩል የመደመጥ መብት ነበራቸው፤ ክርክሩ ግን በተመራጮች ፊት በሰነድ ሳይሆን በሰልፍ ሜዳ ላይ በልጆች መካከል ተካሄደ። አዋቂዎች ሊሸከሙት የሚገባውን ሸክም ልጆች ተሸከሙት፤ ይህም በቀላሉ የሚታለፍ ጥፋት አይደለም።

ተመራጭ የሚሰማው ፓርቲውን ነው፣ ለደብዳቤም መልስ አይሰጥም የሚለው ተቃውሞ ከባድ ነው፤ ብዙ ጊዜም እውነት ነው። ሆኖም አንቀጽ 54 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት የመላው ሕዝብ ተወካዮች እንደሆኑና ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናቸው ብቻ ተገዥ እንደሆኑ ሲደነግግ፣ አንቀጽ 12 ደግሞ ሕዝቡ አመኔታ ያጣበትን ተመራጭ ለማንሣት እንደሚችል ይናገራል። እነዚህ አንቀጾች በተግባር የሚፈተኑት ተመራጩ ስለ ምን እንደተጠየቀና መቼ እንደተጠየቀ የሚያሳይ ወረቀት ሲኖር ነው። በየጊዜው የሚዘጋጀው የመራጭና ተመራጭ የውይይት መድረክ በአብዛኛው በውኃ፣ በመንገድና በቤት ጥያቄ ያልፋል፤ በዚያ መድረክ ላይ በዕድር ወይም በወተመህ ስም የተፈረመ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ የያዘ፣ አንቀጹን የጠቀሰና የጽሑፍ መልስ በቀን ገደብ የሚጠይቅ ደብዳቤ ቢቀርብ፣ ግልባጩም ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ቢደርስ፣ ተመራጩ አልሰማሁም ለማለት አይችልም። አቤቱታ የማቅረብ መብትም በአንቀጽ 30 የተጠበቀ ነው።

ይህ ሁሉ ሲባል ወላጅ በልጁ ላይ የፈለገውን ያድርግ ማለት እንዳልሆነ መታወቅ አለበት። አንቀጽ 36 የሕፃናት ደኅንነት በቀደምትነት እንዲታሰብ ስለሚያዝ፣ ልጅን ያለ ዕድሜዋ ለመዳር ወይም በዱላ ለማሳደግ የሚቀርብ ጥያቄ በወላጅ መብት ስም ሊቆም አይችልም። ለተመራጭ የሚጻፈው ደብዳቤ ጉልበት የሚያገኘውም የወላጁን ሥልጣን ለልጁ ጥቅም ሲያውል ነው።

ከካዛንቺስ ተነሥተው በገላን ጉራና በሌሎች ሰፈሮች የተበተኑ ወላጆች አንድ ልዩ ችግር አለባቸው፤ በ2013 ዓ.ም. ምርጫ ድምፃቸውን የሰጡት በቂርቆስ ነው፣ ልጆቻቸው የሚማሩት ግን በሌላ ክፍለ ከተማ ነው፤ በዚህም ምክንያት የሁለቱም አካባቢ ተመራጮች የእኔ ጉዳይ አይደለም ለማለት ይመቻቸዋል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባል የሕዝብ ሁሉ ተወካይ ነውና፣ ከእሱ የሚመጣ ከሆነ ይህ ምክንያት በሕግ ፊት አይቆምም። ወላጆቹ ለሁለቱም ወገን ተመራጮች በአንድ ደብዳቤ፣ በአንድ ፊርማ ዝርዝር ይጻፉ፤ የነባር ዕድር መዝገባቸውም ለዚህ ሥራ ዛሬውኑ ይከፈት።