ከለንደን ተባርራ ቶኪዮ ላይ የነገሠችው ግሬይሲያ ፖሊ

(ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)

ጁላይ 31 ቀን 2012 ምሽት ለንደን ዌምብሌይ አሬና የገባው ተመልካች ገንዘቡን የከፈለው የኦሊምፒክ ባድሚንተን ሊያይ ነው። ያየው ግን የዓለም ምርጥ የተባሉ ተጫዋቾች ሰርቭ ማድረግ እንደማያውቅ ጀማሪ ኳሷን መረብ ላይ ሲለጥፉ ነበር። ቻይናዎቹ መሸነፍ ፈለጉ። ኮሪያዎቹም መሸነፍ ፈለጉ። አዳራሹ በጩኸት ተናወጠ። በዚያው ምሽት ሌላ የኮሪያ ጥንድና የኢንዶኔዥያ ጥንድ ያንኑ ደገሙት። በማግስቱ ስምንቱም ሴቶች ከኦሊምፒኩ ተባረሩ። ከስምንቱ አንዷ የ24 ዓመቷ ኢንዶኔዥያዊት ግሬይሲያ ፖሊ ነበረች።

ሰው እንዴት ለመሸነፍ ይጫወታል? ነገሩ ወዲህ ነው። ቀደም ባሉት ኦሊምፒኮች ባድሚንተን ከመጀመሪያው ጀምሮ ጥሎ ማለፍ ነበር፤ የተሸነፈ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ለንደን ላይ ግን የምድብ ጨዋታ ገባ። አራቱም ጥንዶች ሩብ ፍጻሜ መግባታቸውን አስቀድመው አረጋግጠዋል፤ የቀረው ጨዋታ የሚወስነው ማን ከማን ጋር እንደሚገናኝ ብቻ ነው። በዚያው ቀን ሌላው ጠንካራ የቻይና ጥንድ፣ ቲያን ቺንግና ዣኦ ዩንሌይ፣ ሳይታሰብ በዴንማርኮች ተሸንፎ ምድቡን በሁለተኛነት ጨረሰ። ስለዚህ ዋንግ ሺያዎሊና ዩ ያንግ ምድባቸውን በአንደኝነት ካጠናቀቁ የአገራቸውን ልጆች ከፍጻሜው በፊት ሊያገኟቸው ነው። ሁለተኛ ከወጡ ግን ቻይና ወርቁንም ብሩንም ጠቅልላ የመውሰድ ዕድል አላት። ኮሪያዎቹና ኢንዶኔዥያዎቹም የየራሳቸውን ሒሳብ አሰሉ። በአጭሩ፣ ሕጉ ራሱ ለተሸናፊ ሽልማት አዘጋጅቶ ነበር።

ይህ ተጫዋቾቹን ነጻ አያወጣቸውም። ዳኛው ሜዳ ድረስ ገብቶ አስጠንቅቋቸዋል፤ ሕዝቡ እየጮኸባቸው ነበር። አውቀው አጠፉ፣ ተቀጡ፤ ቅጣቱም ተገቢ ነበር። ጥያቄው ሌላ ነው፦ ሌላውስ ምን ሆነ? የቻይና ቡድን ዋና አሰልጣኝ ሊ ዮንግቦ በአደባባይ ይቅርታ ጠየቀ፣ ከዚያም እስከ 2017 ድረስ በወንበሩ ቆየ። ውድድሩን በዚያ መልክ የቀረጸው የዓለም ባድሚንተን ፌዴሬሽንም ለሪዮ ኦሊምፒክ አሠራሩን ቀየረ፤ በየምድባቸው ሁለተኛ የሚወጡ ጥንዶች ተጋጣሚያቸውን የሚያውቁት ምድቡ ካለቀ በኋላ በሚወጣ ዕጣ ሆነ። ከእንግዲህ አስልቶ መሸነፍ ትርፍ የለውም። ያች ትንሽ ማሻሻያ ከለንደን በፊት ብትመጣ ኖሮ የስምንቱ ሴቶች ስም ዛሬ በዚህ ጉዳይ ባልተነሳ ነበር። ጉድጓዱን የደፈነ አካል ጉድጓድ እንደነበረ አምኗል ማለት ነው፤ የወደቁት ብቻቸውን ተቀጡ እንጂ።

በዚያን ሰሞን ዕድሜ ልክ ይታገዱ ያለም አልጠፋም። ያ ቢሆን ኖሮ ምን ይቀር እንደነበር ለማወቅ ከአራት ዓመት በኋላ የሆነውን ማየት ይበቃል። ዩ ያንግ በለንደን ማግስት ባድሚንተንን ተሰናበትኩ ብላ በማኅበራዊ ገጿ ጽፋ ነበር፤ ተመለሰች። ከስምንቱ አራቱ ሪዮ ላይ እንደገና ተሰለፉ። በሴቶች ጥንድ ሩብ ፍጻሜ ዩ ያንግ ከአዲሷ አጣማሪዋ ጋር ግሬይሲያን አሸነፈች። ለነሐስ በተደረገው ጨዋታ ደግሞ ሌላዋ የለንደን ተባራሪ፣ ኮሪያዊቷ ጁንግ ክዩንግ ኢዩን፣ የዩ ያንግን ጥንድ ረታች። ያኔ ለመሸነፍ ሲሽቀዳደሙ የነበሩት ሁለቱ ሴቶች አሁን ለሦስተኛ ደረጃ ላባቸውን አፈሰሱ።

የግሬይሲያ መንገድ ግን የሁሉንም ያህል ቀላል አልነበረም። የጥንድ ተጫዋች ሕይወት ከሯጭ ሕይወት በአንድ ነገር ይለያል፤ ሯጭ ጉልበቱ እስካለ ይሮጣል፣ የጥንድ ተጫዋች ግን ገና ብርቱ ሆኖ ሳለ በሌላ ሰው ጉልበት ምክንያት ሊቆም ይችላል። ከለንደን በኋላ ግሬይሲያ ከኒትያ ክሪሺንዳ ማሄስዋሪ ጋር ተጣምራ በ2014 ኢንቾን ላይ የእስያ ጨዋታዎችን ወርቅ አገኘች። የለንደኑ ነገር የተዘጋ መሰለ። ከሪዮ በኋላ ኒትያ በጉልበት ጉዳት ቆመች። ግሬይሲያ ወደ 30 እየተጠጋች ነው፤ በቃኝ ለማለት አስባ ነበር። አሰልጣኟ ኤንግ ሂያን ግን ለምነው አቆዩአት፤ ቢያንስ ልጆቹን አብቂልን ነው ነገሩ። በ2017 ከሱላዌሲ የመጣች የ19 ዓመት ልጅ፣ አፕሪያኒ ራሃዩ፣ አጠገቧ ቆመች። በመካከላቸው ወደ 11 ዓመት የሚጠጋ ልዩነት አለ። በዚያው ዓመት ሁለቱ የታይላንድና የፈረንሳይ ኦፕን ዋንጫዎችን አነሱ። ልታሠለጥናት የቀረችው ታላቅ፣ ታናሿ የሥራ ዘመኗን አራዘመችላት።

በ2020 መጨረሻ ግሬይሲያ ባገባች ማግስት ታላቅ ወንድሟን በኮቪድ አጣች። ቶኪዮ የሄደችው ያንን ሐዘን ይዛ ነው። ከአሸናፊነት ተገማቾቹ አራት ጥንዶች መካከል እሷና አፕሪያኒ አልነበሩም። ኦገስት 2 ቀን 2021 በፍጻሜው ቼን ቺንግቼንና ጂያ ዪፋንን 21 ለ19 እና 21 ለ15 አሸነፉ። በሁለተኛው ዙር የግሬይሲያ ራኬት ክር ኳሷ አየር ላይ እያለች ተበጠሰ። ሮጣ ከሜዳው ዳር ሌላ ራኬት አንስታ እስክትመለስ አፕሪያኒ ብቻዋን ሜዳውን ያዘች፤ ነጥቧም የእነሱ ሆነች። የጥንድ ጨዋታ ምን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ያችን ቅጽበት ማሳየት ይበቃል።

ኢንዶኔዥያ በሴቶች ጥንድ የኦሊምፒክ ወርቅ ስታገኝ የመጀመሪያዋ ነበር፤ በዚህም ከቻይና ቀጥላ በአምስቱም የባድሚንተን ዘርፎች ወርቅ ያላት ሁለተኛዋ አገር ሆነች። ከዚያ ኦሊምፒክም ሌላ ወርቅ አላገኘችም። ሰለሞን ባረጋ ከሦስት ቀን በፊት በ10 ሺህ ሜትር ያመጣት ወርቅ ለኢትዮጵያ ብቸኛዋ እንደነበረች የሚያስታውስ አንባቢ፣ አንዲት ሜዳሊያ ለአንድ አገር ስንት እንደምትመዝን አይጠፋውም። ኢንዶኔዥያ ያቺን ወርቅ ያገኘችው ከዘጠኝ ዓመት በፊት አንገቷን ባስደፋቻት ሴት እጅ ነው።

ከግሬይሲያ ጋር ለንደን ላይ የተባረረችው አጣማሪዋ ሜይሊያና ጃውሃሪ ግን ሌላ ኦሊምፒክ ላይ አልተሰለፈችም። ዋንግ ሺያዎሊም እንዲሁ። ሁለተኛ ዕድል ለሁሉም እኩል አልደረሰም፤ ዕድሜ፣ ጉዳትና አጣማሪ ወስነውታል።

ግሬይሲያ በጁን 2022 ጃካርታ ኢስቶራ አዳራሽ ውስጥ በአገሯ ሕዝብ ፊት ራኬቷን ሰቀለች። ከቶኪዮ በኋላ የዓለም ባድሚንተን ፌዴሬሽን የተጫዋቾች ኮሚሽን ሊቀ መንበር ሆና ተመርጣለች፤ ኃላፊነቱም በፌዴሬሽኑ ምክር ቤት መቀመጫ ያሰጣል። በ2012 ያባረራት ተቋም ስለ ውድድር ሕግ ሲመክር እሷም ጠረጴዛው ላይ ነበረች።