ዞምቢው ያስፈራናል፤ ኀጢአትስ?

ወጣቶች በየስልካቸው ከሚከታተሏቸው የኮሪያ ድራማዎች አንዱ «ኦል ኦፍ አስ አር ዴድ» ይባላል፤ «ሁላችንም ሙተናል» ማለት ነው። የመጀመሪያው ምዕራፍ 12 ክፍሎች አሉት፤ እ.ኤ.አ. በጥር 2022 በኔትፍሊክስ ወጣ። ወደ ዞምቢነት በተለወጡ የክፍል ጓደኞቻቸው የተከበቡ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ታሪክ ይተርካል።

ስለ እንዲህ ዓይነት ፊልም ሲነሣ ከአማኞች አንዱ «አጋንንታዊ ነው፤ ዝጉት» ይላል፤ ሌላው «ጨዋታ ነው፤ ተዉአቸው» ይላል። ለአዋቂዎች ብቻ የተመደበ፣ ደምና ውርደት የበዛበት ፊልም ለታዳጊ ልጅ እንደማይሆን ግልጽ ነው፤ በዚህ አንከራከርም። ነገር ግን ሁለቱም ዋናውን ጥያቄ አልፈውታል፦ ሞቱ ከየት መጣ? መድኀኒቱስ ምንድን ነው?

በመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ፊልሙ ከብዙዎቻችን ስብከት ይልቅ ደፋር ነው። በሽታው ከመቃብር አልወጣም። የአንድ ሳይንስ መምህር ልጅ በትምህርት ቤቱ ይደበደብ፣ ይዋረድ ነበር። አባት አቤት ቢልም የትምህርት ቤቱ ኀላፊዎች ነገሩን አዳፈኑት። ስለዚህ መምህሩ የልጁን ፍርሀት ወደ ቁጣ የሚለውጥ ቫይረስ ሠራ። ደካማውን እንዲያበረታ የተሠራው ነገር ልጁን አውሬ አደረገው፤ ከተማዪቱንም ፈጀ።

የተጎዳ ልጅ አፍ አውጥቶ ሲናገር «ዝም በል፤ የቤተ ክርስቲያን ስም እንዳይነቀፍ» የሚሉ ሽማግሌዎች ዛሬም አሉ። ይህ መንፈሳዊነት አይደለም፤ ያው ማዳፈን ነው! ዞምቢን እየገሠጹ የተደፋን እንባ መሸፈን የጌታ መንገድ አይደለም።

በሁለተኛው ጥያቄ ላይ ግን ፊልሙ ባዶ እጁን ነው። መምህሩ ቁጣን ሰጠ። የጦር አዛዡ ከተማዪቱን በቦምብ አስደበደበ። ናም ራ የተባለችው ተማሪ በግማሽ ተለክፋ፣ ጓደኞቿን እንዳትነክስ ረሃቧን ትታገላለች፤ መጨረሻዋ ግን ከእነርሱ ተለይቶ መኖር ነው። የሰው ቁርጠኝነት ረሃብን ይገታ ይሆናል እንጂ አይፈውስም።

አንድ የሚያምር ነገር አለ። የኦን ጆ አባት የእሳት አደጋ ሠራተኛ ነው፤ በዞምቢዎቹ መካከል አልፎ ልጁ ጋ ይደርሳል፤ እርሷና ጓደኞቿ እንዲያመልጡ ሲል ይሞታል። ይህን ያየ ወጣት ስለ ወንጌል ለመስማት ሩቅ አይደለም። ሆኖም ልብ እንበል፤ ይህ አባት ያስመለጠው በአብዛኛው ገና ያልተነከሱትን ነው። ለተነከሱት ምንም አልነበረውም።

ኢየሱስ ክርስቶስ የመጣው ለተነከሱት ነው! ጳውሎስ በኤፌሶን 2 ላይ የቀድሞ ሁኔታችንን ሲገልጥ ደክመን ወይም ታመን ነበር አላለም፤ በበደላችን ሞተን ነበር አለ እንጂ። እግዚአብሔር ግን ከምሕረቱ ባለጠግነት የተነሣ ከክርስቶስ ጋር ሕያዋን አደረገን። የፊልሙ ርእስ ሳያውቀው እውነቱን ግማሽ ተናግሯል። ሌላውን ግማሽ መናገር የእኛ ፋንታ ነው።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፣ ስልኩን ከመንጠቃችሁ በፊት አጠገባቸው ተቀመጡና «በትምህርት ቤት ማን ይጎዳሃል? ማንንስ ትጎዳለህ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱንም አታዳፍኑ።

አንተም እውነትን የምትፈልግ ወገን፣ «እኔ አንዴ ተነክሻለሁ፤ አልመለስም» ብለህ ከሆነ፣ ሙታንን የሚያስነሣ ጌታ ዛሬም ይጠራሃል። ወደ እርሱ ና።