ከላይ ያለውን ብቻ አንብባ መጣች

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ አቦሉ ገና ሳይቀዳ የግቢው በር ተንኳኳ። የጎረቤቴ ምራት ናት። የዘጠኝ ወር ልጇን አዝላ፣ ነጠላዋን እንደ ነገሩ ጣል አድርጋ ቆማለች። «ግቢ እንጂ፣ ቡና ደርሷል» ብላትም አልገባችም። እዚያው በረንዳው ላይ እንደቆመች፣ «ሲስተር፣ ግግ የሚያወጣ ሰው ያውቁ ይሆን?» አለችኝ።

በሥራ ዘመኔ ይህን ጥያቄ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት ፈጣሪ ይወቀው። ያኔ ግን የሚጠይቁኝ አያቶች ነበሩ። ኮሌጅ ከጨረሰች ወጣት እናት፣ ያውም አዲስ አበባ ውስጥ እሰማዋለሁ ብዬ አላሰብኩም። «ማን ነው ግግ ነው ያለሽ?» አልኳት። ስልኳን አውጥታ ዘረጋችልኝ። «ይኸው፣ ከአራት መቶ ሰው በላይ ላይክ አድርጎታል።»

«ስልኩን አቆዪው፤ መጀመሪያ ልጁን አውርጂልኝ» አልኳት።

ተቅማጡ የጀመረው ሐሙስ ነው። በቀን አምስት ስድስት ጊዜ ይለዋል። ደም የለውም። ትናንት አንድ ጊዜ አስመልሶታል። ጡት ይጠባል፣ ሽንት ይሸናል። የሆዱን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጌ ስለቀው ወዲያው ተመለሰ። ዓይኑ አልጎደጎደም፣ ሲያለቅስም እንባ አለው። መነጽሬን ከፊቴ ላይ ለመንጠቅ የሚታገልበት ጉልበትም አላጣም። ይህ ሁሉ ደስ የሚያሰኝ ነው። ድዱንም አየሁት። እናቲቱን ያስፈራት ነጣ ያለው እብጠት ገና ያልበቀለው ክራንቻው የተኛበት ቦታ ነው። ትልም አይደለም፣ በሽታም አይደለም። እሱን በመርፌ ወይም በተሳለ ብረት መፈልፈል ልጁን ለመድማትና ለመመረዝ ያጋልጠዋል፤ በኋላ የሚበቅለውን ጥርስ ሊያበላሽ ይችላል፤ ተቅማጡን ግን አያቆመውም።

ከመድኃኒት ቤት ለምለም አስገዛሁና በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ አንዱን ከረጢት በጠበጥን። በዚህ ዕድሜ ላለ ልጅ ከእያንዳንዱ ተቅማጥ በኋላ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ በማንኪያ ቀስ እየተባለ ይሰጠዋል። የተረፈው 24 ሰዓት ካለፈው ይደፋል። ጡቱና ምግቡ አይቋረጥም። ዚንክ ስላልነበረን፣ ሌላም ሰው እንዲያየው ስለፈለግሁ፣ ወደ ጤና ጣቢያ ላክኋት። ከስድስት ወር በላይ ላለ ልጅ 20 ሚሊ ግራም በቀን አንድ ጊዜ፣ ለ10 ቀናት ነው፤ ተቅማጡ በሦስተኛው ቀን ቢቆም እንኳ አይቋረጥም። ብዙ እናቶች እዚህ ላይ ይተዉታል።

ከመሄዷ በፊት ግን ያን ፖስት ለልጅ ልጄ ስልክ እንድትልክለት ጠየቅኋት። አራት መቶ ሰው ምን እንዳየ ማወቅ ፈለግሁ።

የልጅ ልጄ አሥረኛ ክፍል ነው። ስልክ ሲያስተምረኝ ትዕግሥቱ እንደ ጥሩ ነርስ ነው ማለት አልችልም፤ ቢሆንም ያስተምረኛል። ፖስቱን ከፈተው። የጎረቤቴ ምራት የጻፈችው አይደለም። ሌላ እናት ከወራት በፊት በፌስቡክ የእናቶች ግሩፕ ውስጥ የጠየቀችው ነው። የሰባት ወር ልጄ ተቅማጥ ይዞታል፣ ምን ላድርግ ትላለች። ኮሜንት የሚለውን ስንነካው የመጀመሪያው ያ ነበር፦ «ግግ ነው፣ ዛሬውኑ አስወጪለት፣ የእኔም በዚህ ነው የዳነው።» ከሥሩ ምስጋና፣ ከሥሩ የአውጪዋን ስልክ ቁጥር የሚለምኑ፣ ከሥሩ ደግሞ ስድብ።

«እቴቴ፣ ይቺን ነክተሻት ታውቂያለሽ?» አለኝ። ከኮሜንቶቹ ሁሉ በላይ በትንንሽ ፊደል «ሞስት ሪለቫንት» የሚል ጽሑፍና ወደታች የምታመለክት ቀስት አለች። ፌስቡክን ከከፈትኩ ዓመታት አልፈዋል፣ አንድም ቀን አይቻት አላውቅም። ስትነካ ሌሎች ሁለት ምርጫዎች ታመጣለች፤ አንዱ «ኒውስት» ነው፣ አዲሶቹን የሚያስቀድም። ሌላው «ኦል ኮሜንትስ» ነው፣ ማስታወቂያና ዝባዝንኬ የሚመስለውንም ሳይለይ ሁሉንም የሚያሳይ። እኛ ምንም ሳንነካ የሚመጣልን ግን የመጀመሪያው ነው። እሱ ደግሞ ጓደኞቻችን የጻፉትንና ብዙ ላይክ፣ ብዙ ምላሽ ያገኙትን ያስቀድማል።

ሪለቫንት ማለት ለጉዳዩ አግባብ ያለው ማለት መስሎኝ ነበር። ለካስ ብዙ ሰው የተንጫጫበት ማለትም ነው። የሚገርመው፣ የተቆጣ ሰው መልስም መልስ ነው። «ተዉ፣ ይህ ልጅ ይገድላል» ብሎ ከሥሩ የጻፈ ሐኪም ምላሹን በአንድ ጨመረለት እንጂ አላወረደውም።

ልጁ «ኦል ኮሜንትስ» ላይ አደረገልኝና አንድ በአንድ ወደታች ወረድን። ከሁለት መቶ በላይ ናቸው። የሩዝ ውኃ፣ ጤና አዳም፣ ፀበል፣ የዓይን ጥላ፣ ከሰፈር ሱቅ የሚገዛ አንቲባዮቲክ። አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነኝ ያለች ስለ ለምለምና ዚንክ ጥርት አድርጋ ጽፋለች። አምስት ላይክ። ከእሷ በታች አንዲት ሴት፣ «እህቴ፣ ልጁ እንዴት ሆነ?» ብላ ጠይቃለች። ከዚህች ጥያቄ ሥር «ሁለት ምላሾች» የሚል ነገር ነበር፤ ካልነኩት አይከፈትም። ነካነው። የልጁ እናት ራሷ ናት። ግጉን አስወጥታለት እንደነበር፣ ደሙ አልቆም ብሎ በሌሊት ሆስፒታል እንደወሰደችው፣ ደም ተሰጥቶት አንድ ሳምንት ተኝቶ እንደዳነ ጽፋለች። «እባካችሁ እንደ እኔ እንዳትሳሳቱ» ይላል መጨረሻው። ማንም ላይክ አላደረገውም። ያየውም ያለ አይመስለኝም።

የጎረቤቴ ምራት ከላይ ያለውን ብቻ አንብባ ነው የመጣችው። እውነተኛው መልስ እዚያው ፖስት ውስጥ፣ ከአንዲት ጥያቄ ሥር ተጣጥፎ ተቀምጧል።

እኔ የሠራሁበት የሕፃናት ድንገተኛ ክፍል በረንዳው ሁልጊዜ ሙሉ ነበር። ጠዋት ስንገባ የመጀመሪያው ሥራችን በእናቶቹ መካከል መዞር ነው። የሚጮኽ ልጅ አያስደነግጠንም፤ የሚጮኽ ልጅ ይተነፍሳል፣ አቅምም አለው። የምንፈልገው ዝም ያለውን ነው። እናቱ ጉልበት ላይ ዝልፍልፍ ብሎ የተኛውን፣ ጡት ሲሰጡት የማይቀበለውን፣ የጠጣውን ሁሉ የሚያስመልሰውን፣ ያንቀጠቀጠውን። እሱ ከየትም መጥቶ ተራ ያልፋል፤ «እኔ ቀድሜ ነው የመጣሁት» የሚል ጠብ ቢነሳም ያልፋል። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ስሠራ ኖሬ፣ ጡረታ ወጥቼ፣ በእጄ የያዝኩት ስልክ ተራ የሚሰጠው ለጮኸው እንደሆነ የነገረኝ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነው።

ሁሉም መተግበሪያ አንድ ዓይነት አይደለም። ዩቲዩብም ኮሜንቱን ሲከፍት የተወደዱትን አስቀድሞ ነው፤ «ኒውስት» የሚለውን ስትመርጡ ወደ ጊዜ ቅደም ተከተል ይመለሳል። በቴሌግራም ቻናሎች ከፖስቱ ሥር ያለውን የኮሜንት ምልክት ስትነኩ መልሶቹ በተጻፉበት ቅደም ተከተል ይደረደራሉ፤ እዚያ ችግሩ ሌላ ነው፣ ማረሚያው የሚመጣው መጨረሻ ላይ ስለሆነ እስከዚያ የሚወርድ ሰው ጥቂት ነው።

በፌስቡክ ገጽ ላይ መድኃኒት፣ ሻይ ቅጠል፣ ዱቄት፣ የወፍራም ማክሻ የሚሸጡትን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። የገጹ ባለቤት የማይፈልገውን ኮሜንት መደበቅ ይችላል። የተደበቀው ኮሜንት ለጻፈው ሰውና ለጓደኞቹ ይታያል፣ ለሌላው ግን አይታይም። «ኩላሊቴን ጎዳኝ» ብሎ የጻፈ ሰው ሕዝብ ያነበበለት መስሎት እፎይ ብሎ ይተኛል። ስለዚህ በሻጭ ገጽ ላይ መቶ ምስጋና ብቻ ካያችሁ ያ መቶ ሰው ዳነ ማለት አይደለም።

ይህን ስጽፍ ጣቴን ወደ ሌላ ብቻ እየቀሰርኩ እንዳይመስላችሁ፣ የራሴንም ልናገር። ከሁለት ዓመት በፊት አንዲት እናት የአራት ቀን ልጇ ቆዳ ቢጫ እንደሆነ በአንድ ግሩፕ ጻፈች። እኔም ሲስተር መባሉ ደስ ስለሚለኝ ቶሎ ብዬ መለስኩ። «አይዞሽ፣ ብዙ አራስ ልጆች ላይ የሚታይ ነው፣ ጡት ቶሎ ቶሎ አጥቢው፣ በራሱ ይጠፋል።» ለብዙዎቹ እውነት ነው። ላይኩ ጎረፈ፣ ኮሜንቴ ከላይ ወጣ፣ ለልጆቼም አሳየሁ።

በሦስተኛው ቀን ሌላ እናት ከኮሜንቴ ሥር ጻፈች፦ «ተባረኪ፣ የእኔ ትናንት ማታ ተወልዶ ዛሬ ጠዋት ቢጫ ሆኖ ነበር፣ ተጨንቄ ነበር፣ አሁን ተረጋጋሁ።» ይህን ያየሁት እሷ ከጻፈች ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው። በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ ቢጫ የሆነ ልጅ መልሱ አንድ ብቻ ነው፤ ወዲያው ወደ ሆስፒታል። ከዋለ ከአደረ አንጎል ላይ የማይመለስ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። እጄ እየተንቀጠቀጠ ጻፍኩላት። በሜሴንጀርም ጻፍኩላት። አልመለሰችም። እስከ ዛሬ አልመለሰችም።

አልጋ አጠገብ ቆሜ ቢሆን ኖሮ «መቼ ተወለደ? ቢጫው መቼ ጀመረ?» ሳልል አንድ ቃል አልናገርም ነበር። ስልክ ላይ ግን መልሱ ከጥያቄው ቀደመ። ለአንዱ ልጅ የተጻፈው መልስ እዚያው ይቀመጣል፣ ሌላዋ እናት ደግሞ ለራሷ ልጅ አድርጋ ታነበዋለች። አሁን ኮሜንቱን አርሜዋለሁ፤ ፌስቡክ የጻፋችሁትን ማረም ይፈቅዳል፣ ብዙ ሰው ግን አይጠቀምበትም። የመጀመሪያው መስመር ላይ የ24 ሰዓቱን ነገር አስገባሁ። የእጅ መዳፍና የእግር ጫማው ድረስ ቢጫ ከሆነ፣ ወይም ጡት መጥባት ካቆመ፣ በየትኛውም ቀን ቢሆን አትጠብቂ የሚለውንም ጨመርኩ። ማታ ማታ አንዳንዴ ገብቼ አየዋለሁ።

ስለዚህ ውድ አንባቢዎቼ፣ ኮሜንት አታንብቡ አልላችሁም፤ ብልም አትሰሙኝም፣ እኔም አነባለሁ። ያቺን ቀስት ግን ንኳት። ፖስቱ መቼ እንደተጻፈ ተመልከቱ። ጠያቂዋ ተመልሳ ምን እንዳለች እስክታገኙ ውረዱ፣ የተጣጠፉትን መልሶች ክፈቱ። መልስ ሰጪው ስለ ልጁ ዕድሜ፣ ስለ ቀኑ፣ ስለ ደሙ፣ ስለ ጡቱ አንድም ጥያቄ ካልጠየቀ እሱ ያወራው ስለ ራሱ ልጅ ነው። ቀደም ሲል የጠቀስኳቸው አራት ነገሮች፣ ማለትም አለመጥባት ወይም አለመጠጣት፣ ሁሉን ማስመለስ፣ ማንቀጥቀጥና መዝለፍለፍ፣ ከታዩ ደግሞ ስልኩን ኪሳችሁ ከታችሁ ታክሲ ጥሩ።

የጎረቤቴ ምራት ረቡዕ መጣች። ልጁ ደህና ነው። ዚንኩን በየቀኑ በጡቷ ወተት አሟሙታ ትሰጠዋለች፣ ይተፋባታል፣ እንደገና ትሰጠዋለች። በዚህ ጊዜ ገብታ ቡናም ጠጣች። «ሲስተር፣ እዚያ ፖስት ላይ አንድ ነገር ይጻፉልን» አለችኝ። እኔ አልጽፍም፣ አንቺ ጻፊ አልኳት። ሲኒዋን አስቀምጣ ረጅም ጊዜ ጻፈች። የልጇን ዕድሜ፣ ተቅማጡ ስንት ቀን እንደቆየ፣ ደም እንደሌለው፣ ጤና ጣቢያ ምን እንደሰጧት፣ የመጀመሪያዋ እናት የጻፈችውም የት እንደሚገኝ። ከዚያ ላከችው።

ዛሬ ጠዋት የልጅ ልጄን «እስቲ እይልኝ» አልኩት። ከላይ ያለው ያው የድሮው ነው። የእሷን «ኒውስት» ላይ አድርጎ አገኘው። ሦስት ላይክ አለው፤ አንዱ የእሱ፣ አንዱ የእኔ ነው።