የመሸባት ብስክሌተኛ

ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ በርዎ ተንኳኳ እንበል። ሲከፍቱ አቧራ የለበሰች፣ ፈጽሞ የማያውቋት ሴት ብስክሌቷን ተደግፋ ቆማለች። «መሽቶብኝ ነውና አሳድሩኝ» ትልዎታለች። «ቤት ለእንግዳ» ይሏታል ወይስ በሩን ይዘጉባታል?

አየርላንዳዊቷ ደራሲ ዴርቭላ መርፊ እንዲህ ሆና ከብዙ ሰው ደጅ ቆማለች። እ.ኤ.አ. በ1941 አሥር ዓመት ሲሞላት ብስክሌትና የካርታ መጽሐፍ በስጦታ አገኘች። በዚያው ሰሞን እየጋለበች ሕንድ ድረስ ለመሄድ ቆረጠች። ሆኖም እናቷ በመገጣጠሚያ ሕመም ምክንያት ራሳቸውን መርዳት ስላልቻሉ በ14 ዓመቷ ትምህርቷን ትታ አስታማሚ ሆነች። የወላጅ ሕመም ከትምህርት ገበታ ያነሣት ሴት ልጅ እዚህም እዚያም ስንት ናት! እናቷ እ.ኤ.አ. በ1962 አረፉ። በተከታዩ ጥር፣ አውሮፓ በበረዶ ተሸፍና ሳለ፣ ብቻዋን ተነሣች፤ በዚያው ዓመት ሕንድ ገባች።

መንገዱ አልጋ በአልጋ አልነበረም። አፍጋኒስታን ውስጥ አውቶቡስ ላይ በተነሣ ጠብ በጠመንጃ ሰደፍ ተመትታ የጎን አጥንቶቿ ተሰብረዋል። በሻይ ቤትና በሰው ቤት ያደረችባቸው ሌሊቶችም ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1966 መጨረሻ ደግሞ ወደ እኛ ዘንድ መጥታ፣ በዚህ ጊዜ በአብዛኛው በእግሯ፣ ጓዟን በበቅሎ ጭና፣ ከምጽዋ እስከ አዲስ አበባ ስትጓዝ የገጠሩ ሰው አሳድሯታል።

እንግዲህ ጉዞው በርካሽ ተፈጸመ ይባላል። ርካሽ የሆነው ግን ለማን ነው? እንግዳ ሲመጣ የተዳፈነውን እሳት የምትቆሰቁሰው፣ እግር የምታጥበው፣ ለነገ ያለችውን እንጀራ የምታወጣው፣ መደቧን ለቃ ከልጆቿ ጋር መሬት የምትተኛው የቤቲቱ እመቤት ናት። «ግቡ፣ ግቡ» የሚለው አባወራ ምስጋናውን ይወስዳል። ያን ምሽት ውሃ ቢቀዳ እጁ አይረግፍም!

ስለዚህ ልጅዎ በብስክሌት አገር ልይ ብትል ከመከልከልዎ በፊት ይምከሯት። ጨለማ ሳይወድቅ መንደር ትግባ። ሴትና ሕፃናት ያሉበትን ቤት መርጣ ትጠይቅ። ብርድ ልብሷን ትያዝ። የቀረበላትን ስትበላ የልጆቹን ድርሻ ትይ። ስትሄድ ገንዘብ ብትዘረጋ ሊያስቀይም ይችላል፤ ጥቂት ቡና ወይም ስኳር ለሴቲቱ በእጇ ብትሰጥ ግን ደስ ያሰኛል።

የዚህ ዓምድ አዘጋጅ እናት በየጊዜው መንገደኛ ያሳድሩ ነበር። ከሁሉም አብልጠው የሚያነሷት አንዲት እንግዳ ነበረች። ስሟን አያስታውሱም። ሌሊት ተነሥታ እንስራውን ከምንጭ ሞልታ፣ ከደጃፉ አስቀምጣ ነበር የሄደችው።